ገንዳው መቼ ነው የሚነሳው? ስለ ከተማ ምክር ቤት፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ጤናችን

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የወሎ ልጆች። እንዴት ከረማችሁ?

የምጽፈው ከወሎ ከተሞች ከአንዷ ነው። ስሟን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ማንንም ለማሳጣት አልመጣሁም፤ መልስ ፈልጌ ነው። ጉዳዩም የሁላችንም ይመስለኛል።

ሰፈራችን ውስጥ የቆሻሻ ገንዳ አለ። ሲመጣ ደስ ብሎን ነበር። ችግሩ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ቶሎ ይነሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሞልቶ፣ ዙሪያው ሌላ ክምር በቅሎበት ይሰነብታል። ሌሊት ውሻ ፌስታሉን እየጎተተ ይዘረግፈዋል። ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አፍንጫቸውን በሹራባቸው እጅጌ ይዘው ነው የሚያልፉት።

ከገንዳው በታች ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር አለ። ገንዳው ሞልቶ የደረሰ ሰው ማዳበሪያውን እዚያ ይገለብጠዋል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠራርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። እኛም ሄደልን እንላለን። ከታች ያሉት ግን በዚያው ውሃ ከብት ያጠጣሉ፣ ሰላጣና ጎመን ያለማሉ። ሰላጣው ተመልሶ እኛው ገበያ ይመጣል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ምክር ቤቶቻችን ስለ ጤናና ስለ አካባቢ ሲነጋገሩ ስንት ገንዳ ተገዛ፣ ስንት ዘመቻ ተካሄደ የሚለው ላይ ያተኩራሉ። እኔ የምፈልገው ቀኑን ነው። ገንዳው የሚነሳበት ቀን ይለጠፍ። በዚያ ቀን ካልተነሳ የሚጠየቀው ሰው ይታወቅ። የተነሳውም የት እንደደረሰ ይነገረን። በእናንተ ከተማ እንዴት ነው? ምክር ቤታችሁ ይህን ጠይቆ ያውቃል? እናንተስ ምክር ቤቱን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ክሩ፣ ማለትም መልሶቹ የተከታተሉበት ውይይት፣ ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለምትገቡ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ ቃል አስቀምጫለሁ።

መልስ 1። ከደሴ የጻፉ አንድ አባት ናቸው። በምርቃት ጀመሩ፤ አሚን ብለናል። በልጅነታቸው እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ጉድጓድ ነበረው ይላሉ። አመዱ ለብቻው፣ ልጣጩ ለጓሮ ጎመን፣ አጥንቱ ለውሻ። ዛሬ ግቢው ተሸንሽኖ ኪራይ ቤት ሆኗል፤ ጓሮ ጠፍቷል። የሚጣለውም ተለውጧል። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የሕፃን ዳይፐር። የድሮው ልማድ ብቻውን አያወጣንም ነው ሐሳባቸው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሕዝቡ ቆሻሻ ነው የሚለው ወቀሳ ሲበዛ የሚከፋኝ ለዚህ ነው። ኑሮው ተለወጠ፣ አገልግሎቱ አብሮት አልተለወጠም።

መልስ 2። ይህ ወንድም ቆጣ ብሏል። ምክር ቤት ቆሻሻ አያነሳም፤ ጥያቄሽን ማዘጋጃ ቤት ውሰጂው ይላል። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ፣ እጅ አውጥቶ የሚበተን ስለሆነ ከእሱ የሚጠበቅ ነገር የለም ባይ ነው።

መልስ 3። 2ን ደግፎ አንድ መስመር ጻፈና ሄደ።

መልስ 4። ሕግ የተማረች እህት ናት። 2ን በትህትና አርማዋለች። ገንዳ የሚያነሳው አስፈጻሚው እንደሆነ ትቀበላለች። ዕቅዱንና በጀቱን የሚያጸድቀው፣ ከንቲባውን ጠርቶ ሪፖርት የሚሰማው ግን ምክር ቤቱ ነው። ከዚያ ወደ ሕጉ ገባች። በ1999 ዓ.ም. የወጣውና በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513፣ የከተማ አስተዳደሮች የቆሻሻ ዕቅዳቸውን ሲያወጡም ሲተገብሩም ዝቅተኛውን የአስተዳደር እርከንና የአካባቢውን ነዋሪ እንዲያሳትፉ ያዝ ነበር። የጊዜ ሰሌዳ አውጥተው በዚያ መሠረት ዕቅድ እንዲያዘጋጁ፣ አፈጻጸሙንም ሪፖርት እንዲያደርጉ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ቀኑን መጠየቅ ድሮም መብታችን ነው፤ ማንም እንደ ውለታ የሚሰጠን አይደለም።

አንድ ነገር ጨምራለች። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። በመስከረም የሚነሳ ጥያቄ ገንዘቡ ከተደለደለ በኋላ የሚመጣ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው መጮህ። ክሩን መልክ ያስያዘው ይህ መልስ ነው፤ አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብያታለሁ።

መልስ 5። በማህበር ተደራጅታ ቤት ለቤት ቆሻሻ የምትሰበስብ እህት ናት። ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ አላሳጥረውም።

ሥራው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። አፏን በሻሽ ታስራለች። ጋሪው ቁልቁለት ሲገጥመው አንዷ ከፊት ትይዛለች፣ ሁለቱ ከኋላ በገመድ እየጎተቱ ያስታግሱታል። ኮብልስቶኑ ዝናብ ካረፈበት ጎማው ይንሸራተታል። ጋሪ የማይገባበት ቅያስ ደግሞ አለ፤ እዚያ ማዳበሪያው በጀርባ ነው። ሽታውን ለምጄዋለሁ ትላለች። የሚያስፈራት በማዳበሪያው ውስጥ ያለው ነው። አመዱ ውስጥ ያልጠፋ ፍም አለ፤ ጋሪው ላይ ጭስ ሲነሳ ነው የሚያዩት። ሰባራ ብርጭቆ አለ። ምላጭ አለ። አንድ ቀን ማዳበሪያውን ወደ ትከሻዋ ስታነሳ መርፌ በስቶት ወጥቶ መዳፏን ወጋት። ያደረገችው የጨርቅ ጓንት ነበር፤ እሱንም ራሷ ነው የገዛችው። ደሙን በቀሚሷ ጠርጋ ቀጠለች። ለማንም አልተናገረችም። ለማን እንደሚነገርም አታውቅም ነበር። መርፌው ከክሊኒክ ይምጣ ከመኖሪያ ቤት እስከ ዛሬ አታውቅም።

ወላሂ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ቆሻሻ ሳወጣ እጄ ሌላ እጅ ሆኗል። ምላጩን በካርቶን ጠቅልዬ ላዩ ላይ እጽፍበታለሁ።

መልስ 6። የጤና ባለሙያ ነው። በመጀመሪያ እህታችንን አብሽሪ አላት። ምርመራ እንድታደርግም መከራት። ከዚያ ለሁላችንም ጻፈ። መርፌ የወጋው ሰው ቁስሉን መጭመቅ የለበትም። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብና ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ። ቆሻሻ የሚሰበስቡ ሰዎች ሥራ ሳይጀምሩ መከተብ አለባቸው። በጤና ተቋም የተሠራበት መርፌ በቢጫው ሴፍቲ ቦክስ ይገባል። ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ ይወገዳል እንጂ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይቀላቀልም። ቤታቸው ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችም መርፌውን ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አጠራቅመው ለጤና ጣቢያ ይመልሱ ይላል።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። ጓንት፣ ቦት ጫማና ክትባት በከተማው በጀት ውስጥ የራሳቸው ርዕስ ሊኖራቸው ይገባል። የከተማውን ጤና የምትጠብቀው ሴት የራሷ ጤና የሚጠበቅበት መስመር ከሌለ ሌላው ዕቅድ ምኑም አይጥመኝም።

መልስ 7። ክሩ እዚህ ጋ ነው የሻከረው። ይህ ሰው፣ ማህበሮቹ ራሳቸው ናቸው ቦረቦሩን የሚሞሉት፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በየወሩ ገንዘብ እየተቀበሉ ከቤታችን ወስደው ከቤታችን ጀርባ ይደፉታል ሲል ጽፏል። ቃላቱ ከዚህ የከፉ ነበሩ፤ አልደግማቸውም።

መልስ 8። የ5 እህት ተመልሳ መጣች። አልካደችም። የሚደፋ አለ አለች። ቀጥላ ግን ጠየቀችው። ጋሪውን ሞልተን ገንዳው ጋ ስንደርስ ገንዳው ከሞላ የት እንውሰደው? ሌላው ገንዳ ዳገት ላይ ነው። ክፍያችን ደግሞ በገንዳው መነሳት ላይ የተንጠለጠለ ነው። መኪናው በቀኑ ቢመጣ ማን ወደ ገደል ይወርዳል? 7 ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔ የምለው ሰንሰለቱ አንድ ነው። ከቤት እስከ ገንዳ ያለው ሥራ በድሃ ሴቶች ትከሻ ላይ ነው፤ ከገንዳ እስከ መጨረሻው መጣያ ያለው ደግሞ በመኪናና በነዳጅ። ሁለተኛው ሲቆም የሚሰደበው የመጀመሪያው ነው።

መልስ 9። ከኮምቦልቻ ነው፤ ተቆጥቷል። ቦርከና ከደሴ ወርዶ በእኛ በኩል አልፎ ነው ወደ ጨፋ ሜዳ የሚሄደው ይላል። በክረምት ጎርፍ ሲወርድ ፌስታሉ የወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ከብት ይበላዋል። የደሴ ሰዎች ስለ ጽዳት ስትጽፉ እኛን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የተጻፈው በአጭሩ ይህ ነው።

መልስ 10። ከደሴ ወዲያው መልስ መጣ። እናንተስ? የሚል ነው። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ለዮሌና ወርቃ በሚባሉት ወንዞቿ ላይ ተመራማሪዎች እንደ ክሮምየምና ዚንክ ያሉ ብረቶችን መለካታቸውንና ማሳተማቸውን አስታወሰ። እነዚያም ወንዞች መጨረሻቸው ቦርከና ነው። ፌስታል በዓይን ይታያል፣ ይለቀማል፤ ክሮምየም አይታይም፣ አይለቀምም ብሎ ዘጋው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 እንዳለም ጠቅሷል።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እልህ ውስጥ ገቡ እንጂ የተናገሩት አንድ ነገር ነው። አንዱ የላይኛው ከተማ በታችኛው ላይ ስለሚያደርሰው ያወራል፣ ሌላው በታችኛው ከተማ ውስጥ ስለሚጨመረው።

መልስ 11። ከቃሉ ወረዳ የጻፉ ሽማግሌ ገላገሏቸው። በወሎ ደም የተፈላለገ ሰው በአባጋር፣ በአስታራቂ ሽማግሌዎች ፊት፣ ተቀምጦ ይታረቃል፤ ሁለት ምክር ቤቶች ስለ አንድ ወንዝ መቀመጥ እንዴት ያቅታቸዋል? የደሴ፣ የኮምቦልቻና የታች ወረዳዎች ተወካዮች በዓመት አንዴ ከክረምት በፊት ተገናኝተው ማን ምን እንደሚያጸዳ ይስማሙ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። 9 እና 10 ሁለቱም ተቀበሏቸው። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚሻለው ሐሳብ ይህ ነው፤ ከእኔው ከመነሻው ሐሳብ ይበልጥም እወደዋለሁ።

መልስ 12። ከሐይቅ ከተማ ነው። የእናንተው ውሃ ቢያንስ ይሄዳል ይላል። የሐይቅ ሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል በአንከርካሃ ወንዝ የሚገባው ውሃም ሆነ ከዳገቱ ታጥቦ የሚወርደው እዚያው ይቀራል። የከተማው ቱቦና የማሳው ማዳበሪያ ሐይቁን እንዳይበክሉት ከወዲሁ ይታሰብበት ሲል ተማጽኗል።

መልስ 13። የዓሣ ዋጋ ጠየቀ። 12 መለሰለት። ከዚያ ስለ ዓሣ ጥብስ ትንሽ ተወራ፤ እሱን ልለፈው።

መልስ 14። አንዲት እናት ስለ ጅብ አነሱ። ድሮ ሌሊት ጅብ እየገባ አጥንቱን ሁሉ ይጠርግልን ነበር አሉ። አሁን ውሻው በዛ። ገንዳው አካባቢ ከሚርመሰመሱት ውሾች አንዱ የልጅ ልጃቸውን ነክሶት ነበር። መጀመሪያ የወሰዱት ወደ ባህል መድኃኒት ነበር፤ ጎረቤት ነው ተቆጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ የወሰደላቸው።

መልስ 15። የእንስሳት ሐኪም ነው። ጎረቤትዎን እግዜር ይስጠው አላቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፣ በዚያው ቀን ወደ ክትባት ይሂድ። ውሻን በመርዝ መግደል በሽታውን አያጠፋውም፤ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ነው ስርጭቱን የሚሰብረው። ደግሞም ውሻው የሚበዛው ምግብ ስላገኘ ነው፤ ምግቡ ያልተነሳው ገንዳ ነው። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ወደ ቀኑ ተመለሰ።

መልስ 16። ይኸኛው ከባድ ነው። ክርክራችሁን ሁሉ የቅንጦት ነው ብሎታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈዋል፤ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ኑሮ ሰማይ ነክቷል፤ እናንተ ስለ ገንዳ ቀን ትጨቃጨቃላችሁ። ከተማው ገንዘብ የለውም፤ የሌለውን አትጠይቁ ይላል። ብዙ ሰው ደግፎታል። ምሬቱ ይገባኛል፤ ያሳለፍነውን የማያውቅ የለም።

መልስ 17። መልስ የሰጠችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቃሏ ቀጥተኛ ነው። በ2013 መጨረሻ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው በነበረበት ጊዜ ያስጨነቃት የመጀመሪያው ነገር መጸዳጃ ነበር። በአንድ ግቢ ያን ያህል ሰው ሲኖር የአተት ስጋት የሚጀምረው ከሽንት ቤቱ ነው። ሽንት ቤትና እጅ መታጠቢያ ቅንጦት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ አጥተን ባላደርን ነበር አለች። ከዚያ ስለ ዓይን ማዝ ጻፈች። ትራኮማ በአማራ ክልል ብዙ ሰው አሳውሯል። በሽታውን የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው፤ በተከደነ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። እንግዲህ ገበያ ቀን ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው የት ነው የሚጸዳዳው? መናኸሪያው አጠገብ ያለው መጸዳጃ ውሃ አለው? ቁልፉስ ማን ጋ ነው? ምክር ቤቱን ይህን ጠይቁት ትላለች።

ስለ ገንዘቡም መለሰች። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ መስጠት ቀላል ነው፤ ንጹሑን ውሃ ማግኘት ነው ከባዱ። ከተማው ለጽዳት ያላወጣውን ገንዘብ ቤተሰቡ ለመድኃኒት ያወጣዋል። 16 ይህን አንብቦ ተመልሶ መጣ። በዚህ ልክ አላየሁትም ነበር ብሏል። ጨዋ ሰው ነው።

መልስ 18። ከኮምቦልቻ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ነገር ያሳሰበው። እኛ ቆላ ቀመስ ነን፣ ወባ እናውቃለን ይላል። አሁን ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ አለች። በአገራችን መጀመሪያ የታየችው በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሀር ነው። ረግረግ አትፈልግም፤ ባርሜል፣ ክዳን የሌለው ታንከርና የግንባታ ቦታ የውሃ ገንዳ ይበቃታል። ሕንፃ የሚሠራ ሰው ለኮንክሪት ያጠራቀመውን ውሃ እንዲከድን ግንባታ ፈቃዱ ላይ ይጻፍ ሲል ጠየቀ። ግንባታ ፈቃድ የጤና ሥራ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ነው ግን።

መልስ 19። ከደሴ አንድ የቅሬ ዳኛ ጻፉ። ቅሬ ማለት የእኛ የወሎዎች እድር ነው። ቅሬ የእያንዳንዱን ቤት አባወራና እማወራ በስም ያውቃል ይላሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን የምንጠራው እኛ ነን፤ የቆሻሻ ቀን ስንጥር ማን ይቀራል? ከ4 መልስ ጋር አያይዘውታል። ሕጉ ነዋሪው ይሳተፍ ካለ፣ ተሳታፊው ቅሬ ይሁን። ምክር ቤቱ ስብሰባ ሲጠራ በጥድፊያ የተሰበሰበ ሰው ከሚቀመጥ፣ የቅሬ ተወካዮች ጥያቄያቸውን ጽፈው ይግቡ።

መልስ 20። አንዲት ወጣት ተቃወመች፤ ያውም በደንብ። ቅሬ ሲባል ሥራው የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነው አለች። ዘመቻ ሲታወጅ መጥረጊያ ይዞ የሚወጣው ማን ነው? ቱቦ ውስጥ ገብታ ጭቃ የምታወጣው ማን ናት? ግብርም እየከፈልን፣ የአገልግሎት ክፍያም እየከፈልን፣ በነፃ ደግሞ እንጥረግ? ቅሬ ይጠይቅ፣ ይቆጣጠር፤ የአስተዳደሩን ሥራ ግን አይውሰድ። የቅሬ ዳኛው ተመልሰው ልጄ ትክክል ነሽ አሏት። እኔም በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። የአንድ ቀን ዘመቻ ፎቶው ያምራል፤ በሳምንቱ ገንዳው ካልተነሳ ምን አተረፍን?

መልስ 21። 7 ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ረጋ ብሎ። የተነሳው ቆሻሻ የት ይሄዳል የሚለውን ማንም አልመለሰም አለ። እውነቱን ነው፤ በመነሻው ጠይቄው ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው መሞቱን አስታወሰን። የእኛ ከተሞች ደግሞ ተራራ ላይ ናቸው። አዋጅ 513 አዲስ መጣያ ከመሠራቱ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲደረግ፣ በሥራ ላይ ያለውም እንዲፈተሽ ይጠይቅ ነበር። ምክር ቤቱ የመጣያውን የፍተሻ ሪፖርት አይቶ ያውቃል? ከመጣያው የሚወርደው ጥቁር ፍሳሽ ወደ ማን ምንጭ ነው የሚገባው?

መልስ 22። የከተማ ግብርና የሚሠራ ወንድም የ7ን ጥያቄ ቀለል አደረገው። በከተሞቻችን ከሚጣለው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው። ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ፣ የገበያ ቅጠል። እሱ በየሰፈሩ ወደ ኮምፖስት ቢሄድ መጣያ የሚደርሰው በግማሽ ይቀንሳል፤ የመኪናው ምልልስም ይቀንሳል። አሠራሩን አስረድቷል። እርጥቡንና ደረቁን በንብርብር መደርደር፣ በየጊዜው ማገላበጥ፣ እጅ ውስጥ ሲጨመቅ ውሃ እስከማያንጠባጥብ ድረስ ማርጠብ። ሃይላንድና ብረቱን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ለእሱ ማንም ደመወዝ አልከፈለውም። የሚቀረው ፌስታል ነው።

መልስ 23። 4 በፌስታል ጉዳይ ተመለሰች። በ1999ኙ አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል ማምረትና ማስገባት እንዳይፈቀድ ተደንግጎ ነበር። ሱቅ ስንገባ ያለው ግን ያው ስሱ ፌስታል ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። እንግዲህ የከተማ ምክር ቤቶች ሥራ አሁን ነው ትላለች። ባለሱቁን ከመቅጣት በፊት ዘንቢልና የጨርቅ ቦርሳ የሚሠሩ ሴቶች ገበያ ይግቡ፤ ያ ካልሆነ ቅጣቱ የሚያርፈው ጉሊት ላይ ቲማቲም በምትሸጥ እናት ላይ ነው።

መልስ 24። የቅሬ ዳኛው ጥያቄው በአንድ ወረቀት ተጠቃሎ እንዲላክላቸው ጠየቁ። በሰኔ ወደሚጠራው የሕዝብ መድረክ ይዘው ሊገቡ ነው።

ጻፍኩላቸው፤ እዚህም አስቀምጠዋለሁ፣ የጎደለ ካለ ጨምሩበት። የእያንዳንዱ ሰፈር ገንዳ የሚነሳበት ቀን ገንዳው ላይ በቀለም ይጻፍ፤ ቀኑ ሲያልፍ የሚደወልበት ስልክም አብሮ። ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች የጎማ ጓንት፣ ቦት ጫማና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በበጀቱ ውስጥ በስም ይያዝ። የገበያና የመናኸሪያ መጸዳጃ ውሃ እንዳለው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ራሱ ሄዶ ይይ፤ ሪፖርት አንብቦ አይለፍ። የመጣያው ፍተሻ ለሕዝብ ይነበብ። በቦርከና ላይ ያሉት ከተሞችና ወረዳዎች የቃሉ አባት እንዳሉት ከክረምት በፊት ይቀመጡ።

መልስ 25። 9 ከኮምቦልቻ ተመልሶ መጣ። ይህንኑ ወረቀት እዚያ ለሚገኙ ሁለት ቅሬዎች እንደሚሰጥ ጻፈ፤ የለዮሌና የወርቃ ውሃ በየስንት ጊዜው እንደሚመረመርና ውጤቱ የት እንደሚለጠፍ የሚል ጥያቄ እንዲጨመርም ጠየቀ። ጨምሬዋለሁ። 12ም የሐይቁን ይጨመር ብሏል፤ እሱንም ጨምሬዋለሁ። ከወልድያ፣ ከከሚሴና ከመርሳ ያላችሁ፣ በእናንተ ከተማ የበጀት መድረኩ የሚጠራበትን ቀን የሰማችሁ እዚሁ ጻፉልን።